ጊዜ አልቆመባትም፦ አዲስ አበባን ላሞገሷት ተጓዥ የተሰጠ ምላሽ

ስድብን መመለስ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ሙገሳን መመለስ ነው። ሰው ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ እንጀራችንን በልቶ፣ ቡናችንን ጠጥቶ፣ የተባረከ ሕዝብ ናችሁ ብሎ ከሄደ በኋላ ከኋላው ተነሥቶ «ቆይ እስቲ፣ የተናገርኸው ልክ አይደለም» ማለት እንግዳ አክባሪነት አይመስልም። ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተው የአንድ አውሮፓዊ ተጓዥ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ከቶኛል። ጽሑፉ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፤ ፈረንጅ እንኳ መሰከረልን ከሚል ኩራት ጋርም ብዙ ሰው አጋርቶታል። የምኖረው ተጓዡ በእግራቸው ከዞሩባቸው ሰፈሮች በአንዱ፣ በአራት ኪሎ ነው። ትችቶቻቸው እምብዛም አላስከፉኝም፤ የከነከነኝ ምስጋናቸው ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል አስቀድሜ የጻፉትን ላስቀምጥ። ተጓዡ በመጋቢት ወር ለጥቂት ቀናት አዲስ አበባ ቆይተዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም ተነጥላ የኖረች፣ ሩቅና የማትታወቅ አገር ናት ይላሉ። የዓመት ቁጥሯ ከአውሮፓ በሰባት ወይም በስምንት ማነሱ፣ የሰዓት አቆጣጠሯም በስድስት ሰዓት መለየቱ ጊዜ የቆመባት ለመሆኗ ማስረጃቸው ነው። በቅኝ ግዛት ስላልተያዘች የውጭ እጅ ያልነካው ባህል እንዳላት ያምናሉ፤ ለዚህም የእንጦጦን ጥንታዊ ደን፣ የቡናውን ሥርዓትና ምግቡን ይጠቅሳሉ። ሕዝቡ አትክልት ተመጋቢና ጭምት ነው፤ ድሃ ቢሆንም ደስተኛ ነው፤ ስለ ገንዘብ የማይጨነቅ የዋህ ነው። ትራንስፖርቱ ሥርዓት የለሽ ትርምስ ነው፤ ኑሮው ግን እጅግ ርካሽ ነው። የመጨረሻ ምክራቸው ደግሞ ሳትለወጥ ድረሱባት የሚል ነው።

ዓይናቸው ጥሩ እንደሆነ አልክድም። ታክሲ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ወሬውን ሳያቋርጥ እንደሚያማትብ አስተውለዋል፤ እኛ ይህን ማየት ካቆምን ቆይተናል። የመኪናው ጭስ አፍንጫቸውን እንዳቃጠለ፣ የባንክ ካርዳቸው በየቦታው እምቢ እንዳላቸው፣ ፈረንጅ በመሆናቸው ብቻ ለአንድ ነጠላ እጥፍ ዋጋ እንደተጠየቁ ጽፈዋል። በዚህ ሁሉ እውነታቸውን ነው። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ሲወጡ ትንፋሻቸው መቆራረጡም የሚጠበቅ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ያዩት ነገር ለምን እንዲህ ሆነ ወደሚለው ሲሻገሩ ነው። እዚያ ላይ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከጥንትም እንዲህ ነበር። ሰው የወሰነው፣ የገዛው፣ ያስመጣው፣ የተከለው ወይም ያፈረሰው ነገር ሁሉ በጽሑፋቸው ውስጥ እንደ ተራራ በራሱ የበቀለ ሆኖ ይቀርባል።

ከርቀቱ ልጀምር። ሩቅ የሚባለው ከየት ሲለካ ነው? ተጓዡ ማታ ተሳፍረው ጠዋት ቦሌ እንደወረዱ ራሳቸው ጽፈዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በ1938 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ከ120 በላይ ዓለም አቀፍ መዳረሻዎች አሉት። ኢትዮጵያ በሕዝብ ብዛት ከአፍሪካ ሁለተኛ ናት፤ በዋና ከተማዋ ከመቶ በላይ ኤምባሲዎች አሉ። ፎቶግራፍ ያነሡት የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመውም እዚያው፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። ለሉሳካ ወይም ለአክራ ዲፕሎማት አዲስ አበባ በየዓመቱ ለስብሰባ የሚመላለስባት፣ የትኛው ሆቴል ሙቅ ውኃ እንዳለው ሳይቀር የሚያውቃት ከተማ ናት። ተጓዡ ቢያንስ ለእኔ ሩቅ ናት ብለው ቢጽፉ ኖሮ ቃል አልተነፍስም ነበር።

ይህ ተነጥሎ የመኖር ተረት ከእርሳቸው አልጀመረም። ኤድዋርድ ጊበን የተባለው የእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፊ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ኢትዮጵያውያን ዓለምን ረስተው፣ በዓለምም ተረስተው ወደ ሺህ ዓመት ገደማ ተኙ ብሎ ጽፏል። ተኙ በተባለበት በዚያ ዘመን ግን ጳጳስ በሞተ ቁጥር ሌላ ለማስመጣት መልእክተኛ ወደ ግብፅ ይላክ ነበር። በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የተላኩ እ.ኤ.አ. በ1441 በፍሎረንስ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል። የተኛ ሰው ይህን ያህል አይመላለስም።

«ጊዜ የቆመባት» የሚለው ሐረግ ጽሑፉን ከሁሉ ይልቅ ያስወደደው ይመስለኛል። ብዙ ወዳጆቼ በደስታ ተቀብለውታል፤ ከዓለም በሰባት ዓመት ልጅ ነን እያልን እኛው ራሳችን ስንቀልድ ስለኖርን ይሆናል። ቀልዱ ደስ ይለኛል። እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ግን አይቆምም። የዓመት ቁጥራችን ከአውሮፓ የሚያንሰው የጌታን ሥጋዌ ሁለት ወገኖች በየራሳቸው ስላሰሉት ነው። የእኛው ስሌት ከእስክንድርያ የመጣ ነው፤ አንያኖስ የተባለው መነኩሴ በአምስተኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ ያሰላው ነው። አውሮፓ የምትከተለውን ስሌት ደግሞ ዲዮናስዮስ የተባለ መነኩሴ በሮም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ ነው። ወደ ኋላ ቀረ የተባለው ቁጥር ከእርሳቸው ቁጥር መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የተሰላ ነው ማለት ነው። ይህ በራሱ ማንንም ከማንም አያስበልጥም። በእርሳቸው አካሄድ ከሄድን ግን ታይላንድ በዓመት ቁጥሯ ከአውሮፓ 543 ዓመት ትቀድማለች፤ መጪውን ዘመን ለማየት ወደ ባንኮክ የበረረ ተጓዥ እስካሁን አልሰማሁም።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዓመቱ ረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተመሳሳይ ሰዓት ገደማ በምትወጣበት አገር ቀንን ከንጋት መቁጠር ከእኩለ ሌሊት ከመቁጠር የቀለለ ነው፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። በተጓዡ አገር፣ ክረምት ላይ ፀሐይ አርፍዳ በምትወጣበትና በበጋ ሌሊቱ እምብዛም በማይጨልምበት፣ ይህ አቆጣጠር ሰውን ያሳብዳል። አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ፦ ሁለት ሰዓት ይዞ መኖር ችግር አለው። ቀጠሮ ስንይዝ በሐበሻ ነው በፈረንጅ እያልን የምንጠያየቀው፣ አንዳንዱም አውሮፕላን የሚያመልጠው በዚህ ነው።

ጊዜ ቆመባት ስላሏት ከተማ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብጠይቅስ? ከፊታቸው ካለፉት መኪኖች ስንቶቹ ድምፅ እንዳልነበራቸው ልብ ብለዋል? ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ብዙ የበለጸጉ አገሮች ገና ቀን እየቆረጡለት ያለውን ነገር ያደረገችን አገር ጊዜ ረሳት ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ የውጭ እጅ ያልነካት የሚለውን ማለቴ ነው። ኩራታችንን የሚኮረኩረው ይህ ነው፤ ስለዚህ ጠንቀቅ ብዬ ልናገር። በቅኝ ግዛት አለመያዝ አንድ ነገር ነው፤ አለመነካት ሌላ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ተነክተናል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በፋሽስት ጣሊያን እጅ ነበረች፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ በዚህች ከተማ ጎዳናዎች ላይ የተፈጸመውን እልቂት የስድስት ኪሎው ሐውልት ያስታውሳል። ተጓዡ በአጠገቡ አልፈዋል፤ ማማሩን ጽፈዋል፤ የምን ሐውልት እንደሆነ ግን አልጻፉም። ሐውልቱን የቀረጹት ደግሞ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ አባቶቻችን ነጻ የሆኑት በር ዘግተው አልነበረም። አድዋ ላይ የተተኮሰው ጠመንጃ በአብዛኛው ከውጭ የተገዛ ወይም የተገኘ ነው፤ ከፊሉም ከራሷ ከጣሊያን የመጣ ነበር። ከአድዋ በኋላም ዓፄ ምኒልክ የሚያስፈልጋቸውን እየመረጡ አስመጡ። ተጓዡ ይህን ለማየት ከወረዱበት መንገድ መውጣት አላስፈለጋቸውም ነበር። ከላይ ከጊዮርጊስ ጀምረው በቸርችል ጎዳና እስከ ለገሃር መውረዳቸውን ጽፈዋል። ካቴድራሉ ከአድዋ ድል በኋላ የታነጸ ሲሆን በሥራው የግሪክና የጣሊያን ባለሙያዎች እጅ አለበት። ከእርሱ በታች ያለው የከተማው ማዘጋጃ ቤት የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽም የእርሱ ነው፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአዳራሹ የመስተዋት ሥዕል ግን የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ ነው። ቁልቁል ሲወርዱ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ የፈረንሳዊው የሞሪስ ካልካ ነው። መንገዱ የሚያልቅበት የለገሃር ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ያመጣው ሕንፃ ነው። ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ጅቡቲ፤ ሁሉም በአንድ የእግር መንገድ ላይ። ፒያሳ ላይ የነገዱትን ሕንዶችና አርመኖች፣ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውንና የመንግሥት ሙዚቀኛ የሆኑትን አርባ የአርመን ልጆች ገና አልጨመርኩም።

ለንጽሕናው ማስረጃ ያደረጓቸው ሦስቱ ነገሮች ደግሞ ለተቃራኒው ማስረጃ ናቸው። የእንጦጦ ጥንታዊ ደን ያሉት በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ የገባውም በዓፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አልቆ ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ይህ ቶሎ የሚያድግ የባዕድ ዛፍ ነው። ደኑ ባያረጅም ታሪኩ ከዕድሜው ይበልጣል፤ ዋና ከተማ ለማዳን በሰው እጅ የተተከለ ደን ብዙ አገር የለውም።

ቡናውም አለ። የቡና ተክል የእኛ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። በአዲስ አበባ ያዩት ረከቦቱ፣ ዕጣኑ፣ ጀበናው ግን በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የሺህ ዓመት ልማድ አይደለም። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ቡናን አትወደውም ነበር፤ የእስላም መጠጥ ተደርጎ ይታይ ነበር። በምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ የላላው። ዛሬ በስሙ የምንምልበት ቡና ክርስቲያኑ ከሙስሊም ጎረቤቱና ከሌሎች የአገሩ ሕዝቦች የተማረው ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህ ከንጽሕናው ተረት ይልቅ ያኮራኛል። ከጀበናው ቀጥለው ፒያሳ ቆመው የጠጡት ማኪያቶ የጣሊያን እንደሆነ ለአውሮፓዊ ተጓዥ አይነገርም።

ምግቡን በተመለከተ አጭር ልሁን። ጤፍ የእኛ ነው። በርበሬ ግን የአሜሪካ ተክል ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት በዚህ ምድር አልነበረም። ድንች የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ወጡን ቀይ ያደረገውም፣ የጾም ቀን አልጫውን የሞላውም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አዲስ አበቤ ፓስታን በእንጀራ ጠቅልሎ ሲበላ ማንንም አላስፈቀደም። ያልነካነው የለም፤ የነካነውን ግን የራሳችን አድርገነዋል።

አትክልት ተመጋቢና ጭምት ሕዝብ የሚለው አስቆኛል፤ በክፋት አይደለም። ተጓዡ የመጡት በመጋቢት ነው። መጋቢት ማለት ሁዳዴ ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይቀመስበት የዓቢይ ጾም ወቅት ነው። ብዙ ልኳንዳ ቤት ይዘጋል፤ ክርስቲያኑ ሠርግ አይደግስም፤ በቤተ ክርስቲያን ከበሮው ይቆማል፤ ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ይገፋል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም ከሁዳዴ ጋር እየተገናኘ ስለመጣ ከተማው ግማሹ ከሥጋ፣ ግማሹ ከቀን ምግብ ተከልክሎ የሚውልበት ሰሞን ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ጭምት የመሰላቸው አስተናጋጅ ምናልባት ከጠዋት ጀምሮ አልበላም።

በፋሲካ ዋዜማ ሾላ ገበያ ቢደርሱ ኖሮ ምን ይጽፉ ነበር? ዶሮው በየታክሲው ጣሪያና በየሰው ክንድ ሥር ይጮኻል፤ በጉ በባጃጅ ይጫናል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ ዶሮ ወጥ ይፈታል፤ በማግስቱ በየልኳንዳው ደጅ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የሚቆርጠው ሰው ወንበር አያገኝም። በዚያ ሳምንት የመጣ ተጓዥ ኢትዮጵያውያን ከሥጋ በቀር አይበሉም፣ ከጭፈራ በቀር አያውቁም ብሎ ይጽፍና እርሱም እንዲሁ ይጋራለት ነበር። በልኳንዳ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የተሳለው ለምን እንደሆነ አንድ ሰው ጠይቀው ቢሆን የዚህ አገር ምግብ በቀን መቁጠሪያና በሃይማኖት የተመራ መሆኑን ባወቁ። አጭር ቆይታ ነውር የለውም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እዚህ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጾምና ፍስክ ሲፈራረቁ ስድስት ጊዜ የማየት ዕድል ነበረው፤ ሁሉም ተጓዥ እንደ እርሱ ይቆይ አይባልም። ጥቂት ቀን የቆየ ሰው ግን ያየውን ሰሞን እንደ ሰሞን ሊጽፍ ይችላል።

ድሃ ግን ደስተኛ፣ የዋህና ገንዘብ የማያውቅ የሚለው ላይ ግን ሳቄን አቆማለሁ። ማስረጃቸው ይህ ነው፦ ከአራት ኪሎ በታች በአንድ ግቢ ውስጥ ሴቶች ቡና ሲጠጡ አዩ፤ ተጋበዙ፤ ሦስቱንም ጠጡ፤ ሊከፍሉ ሲሉ ተቆጡባቸው። ደስ የሚል ገጠመኝ ነው፤ ተቆጭዋንም ያወቅኋት ያህል ሆኖ ተሰምቶኛል። ከዚህ ተነሥቶ እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አያውቁም ማለት ግን በየትኛው በኩል ይገኛል? የጎረቤት ቡና ተራ አለው። ዛሬ በእርሷ ቤት፣ ነገ በእገሊት ቤት ነው፤ ማን መቼ እንዳፈላ፣ የማን ተራ እንዳለፈ ማንም አይረሳም። እርሳቸው የጠጡት አንድ ሰው በተራው ያፈላውን ነው። ያልተከፈለ መሰላቸው እንጂ በግቢው ሒሳብ ውስጥ ገብቷል።

እዚያው ግቢ ውስጥ ካሉት ሴቶች አብዛኞቹ ዕቁብ እንደሚጥሉ ብወራረድ አልፈራም። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይዝም። የዋህ ሰው ዋስ አይጠይቅም። ዕድርም አለ፦ በየወሩ መዋጮ፣ የአባላት መዝገብ፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ቀብር ለቀረ ቅጣት። ሰው ሲሞት ጡሩምባው ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ድንኳኑ የሚቆመው ሰው በተፈጥሮው ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሰብሳቢ ስለተመረጠ፣ ሒሳብ ስለተመረመረ፣ ያልከፈለ ስለተቀጣ ነው። ብዙ አጥኚዎች ዕድርን የ20ኛው መቶ ዘመን የከተማ ሰው ፈጠራ ያደርጉታል። ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ማን ይቀብረኛል ብሎ ያደራጀው ተቋም ነው። ይህን ሁሉ ሥራ የዋህነት ብሎ መጥራት የሠሩትን ሰዎች ድካም መንጠቅ ነው።

ደስታውንም ከሰላምታው ላይ አነበቡት። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ በፈገግታ ይጀምራል፤ የመጣው ቢመጣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። የቤት ኪራይ የተጨመረበትም፣ ልጁ የታመመበትም ለእንግዳ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ጭንቀቱን ለማያውቀው ሰው በመንገድ ላይ አያወጣም። እኛም ብንሆን ከአውሮፓ ስንመለስ በዚያ ጎረቤት አይተዋወቅም፣ ሁሉም ብቸኛ ነው እያልን በእርግጠኝነት የምናወራው ይኸው ስህተት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው በሄዱ ጊዜ እዚያ ኢትዮጵያን የምትመስል አገር ነው ያዩት፤ ጃፓንን የሚያህል መስታወት ለሚፈልግ ሰው ይህም አይፈረድበትም።

ስለ ትርምሱ ከተነሣ፣ ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። ማታ ማታ ታክሲው አንዱን መንገድ ለሁለት ቆርጦ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ዝናብ ሲጥል ታሪፉ ይረሳል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ውስጥ ሰው በሰው ላይ ቆሞ ማየታቸውም እውነት ነው፤ ባቡሮቹ በመለዋወጫ እጥረት እየቆሙ ለተሳፋሪው የማይበቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሥርዓት የለም የሚለውን ግን አልቀበልም። እያንዳንዱ ሚኒባስ የሚሠራበት መስመር ተመድቦለታል፤ ታፔላውም በላዩ ተለጥፏል። ጩኸት ያሉት ረዳቱ መድረሻውን ሲጠራ ነው፤ ማንበብ የማይችለውም፣ ከሩቅ የሚመጣውም ይሰማዋል። ተራ አስከባሪው የትኛው መኪና ቀድሞ እንደሚጭን ይወስናል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ሄደው ቢሆን ኖሮ አንድ ፖሊስ ሳይኖር በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ መስመር ተሰልፎ ሲጠብቅ ያዩ ነበር። ሰልፍ የሚጥሰውን ሰው ሕዝቡ እንዴት እንደሚመልሰው ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ርካሽ ስለመሆኗ ብዙ አልልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ዶላር ይዞ ለመጣ ሰው ምሳው ረከሰ፤ ደመወዙ በብር ለሆነው አስተናጋጅ ግን ዘይቱም መድኃኒቱም ተወደደ። ርካሽ ምሳ የበሉት በእርሱ ኪሳራ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ተጓዡ ያደነቁት ግን የምንዛሪ ተመኑን እንጂ ኑሮውን አይደለም።

ሳትለወጥ ድረሱባት የሚለው ምክር ይቀራል። ጽሑፋቸው ውስጥ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመሩና የሌሊቱ መብራት በጣም ተወድሰዋል፤ አሮጌዋ አዲስ አበባ እርጋታዋን ጠብቃ እንደኖረችበት ቦታ ተደርገው ቀርበዋል። እኔም በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ፤ ማታ ጉድጓድ ሳልፈራ መሄዴ ይመቸኛል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ያ እርጋታ ግን የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲገባ ነው። ፎቶግራፍ ያነሡበት ባዶ መስክ ያለበት አካባቢ ዶሮ ማነቂያ ይባል ነበር፤ ጠባብ፣ ጭስ የሞላበት፣ ሻይ ቤትና ጫማ ሰፊ የተደራረበበት ሰፈር ነበር። ቆርቆሮው እንዲጠበቅለት የሚመኝ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቱ እንዲበተንበት የሚመኝ ግን ከዚያም ያነሰ ነበር። የነበሩት ሰዎች ገላን ጉራን ወደ መሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል።

ተጓዡ ተመልሼ እመጣለሁ ብለዋል። ይምጡ። ሲመጡ ግን ከሆቴላቸው ወደ ፒያሳ በመውረድ ፈንታ አንድ ጠዋት ከገላን ጉራ ወደ መሃል ከተማ ከሚመጡት ሠራተኞች ጋር አውቶቡስ ይሳፈሩ። ያልተለወጠችውን አዲስ አበባ የሚያውቋት እነርሱ ናቸው፤ የቀበሌ ቤቱ ኪራይ ስንት እንደነበር፣ የትኛው ዕድር እንደተበተነና የትኛው አብሮ እንደተዛወረ፣ ልጆቻቸው አሁን ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደሚይዙ ይነግሯቸዋል።